ሰማንያ ለአንድ፦ የ2022ቱ የኬንታኪ ደርቢ ውርርድ ሲመረመር

በአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ወዳጆች ዘንድ ከኬንታኪ ደርቢ የሚበልጥ ቀን የለም። በየዓመቱ በሜይ ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በሉዊቪል ከተማ በሚገኘው የቸርችል ዳውንስ መሮጫ፣ ሦስት ዓመት የሞላቸው ቢበዛ ሃያ ፈረሶች ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣሉ። ውድድሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ላይ ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ 179 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወራርዶባቸዋል።

ይህ ጥናት የሚመለከተው ያንኑ ውድድር ነው፤ ቀኑ ሜይ 7፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ጉዳዩን የመረጥኩት ማንም ያልገመተው ፈረስ ስላሸነፈ ብቻ አይደለም። ከውድድሩ በኋላ የተከፈለው ገንዘብ አንድ በአንድ ሲሰላ፣ «የትኛው ፈረስ ያሸንፋል» የሚለውና «የትኛው ትኬት ዋጋው ያዋጣል» የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ አጉልቶ የሚያሳይ ውድድር ስለማላውቅ ነው። ብዙ ተወራራጆች ገንዘባቸውን የሚያጡት የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ እየጠየቁ በመሆኑ፣ ልዩነቱን በቁጥር አስደግፎ ማሳየት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፈረሱና የገባበት መንገድ

ሪች ስትራይክ የተወለደው በኬንታኪ በሚገኘው በታወቀው የካሉሜት ፋርም ነው። አባቱ ኪን አይስ በ2015 በሳራቶጋ በተካሄደው የትራቨርስ ውድድር ታላቁን አሜሪካን ፋሮህን ያሸነፈ ፈረስ ነበር። ይሁን እንጂ ልጁ ብዙም ተስፋ ስላልተጣለበት በሴፕቴምበር 2021 በዚያው በቸርችል ዳውንስ «ክሌሚንግ» በሚባል ውድድር ውስጥ ገባ። በዚህ ዓይነቱ ውድድር የሚሰለፍ ፈረስ ሁሉ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ለሽያጭ የቀረበ ነው፤ ገዢው ጥያቄውን ከሩጫው በፊት ያስገባል፤ ፈረሱ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ከሩጫው በኋላ የገዢው ይሆናል። አሰልጣኙ ኤሪክ ሪድና የፈረስ ባለቤቱ ሪክ ዶውሰን 30,000 ዶላር አስይዘው ጠየቁት። ያን ቀን ፈረሱ ተከታዩን ከ17 የፈረስ ርዝመት በላይ ጥሎ ገባ።

ከዚያ በኋላ እስከ ደርቢው ድረስ ሌላ ድል አላገኘም። ለደርቢው ሲቀርብ ከሰባት ሩጫ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር። በኤፕሪል መጀመሪያ በተርፍዌይ ፓርክ፣ አፈር ሳይሆን ሰው ሠራሽ ንጣፍ ባለው ሜዳ ላይ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ፤ በዚህ ያገኘው ነጥብ ግን ከሃያዎቹ ውስጥ ሊያስገባው ስላልበቃ በተጠባባቂነት ተመዘገበ። ዓርብ ጠዋት የስረዛው ቀነ ገደብ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ አንጋፋው አሰልጣኝ ዲ. ዌይን ሉካስ ኢቴሪያል ሮድ የተባለውን ፈረሱን ከውድድሩ አወጣ፤ ሪች ስትራይክም ቦታውን ያዘ። ቁጥሩ 21 ሆኖ ቀረ፤ የሚነሣው ደግሞ ከሁሉ ውጪ ከሆነው በር ነበር። ጋላቢው ቬንዙዌላዊው ሶኒ ሌዮን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኦሃዮ አነስተኛ ሜዳዎች የሚጋልብ ሰው ነበር።

አንባቢው ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አድርጎ ይመልከተው። ከኋላ የገባ፣ ከዳር የሚነሣ፣ በርካሽ የተገዛ፣ በስም ያልታወቀ ጋላቢ የተቀመጠበት ፈረስ ነው። ሕዝቡ ዋጋ ያልሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እኔም ብጠየቅ ኖሮ ከዚያ የተለየ ግምት አልሰጥም ነበር።

ገንዘቡ የሚሰበሰብበት ቋት

ወደ ሩጫው ከመሄዳችን በፊት የውርርዱ አሠራር መታወቅ አለበት። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በየሰፈሩ ይታዩ የነበሩትን የእግር ኳስ መወራረጃ ቤቶች የሚያውቅ አንባቢ ኦዱ፣ ማለትም ግምቱ ቢሰምር ለተጣለው ገንዘብ የሚከፈለው ብዜት፣ ትኬቱ ላይ ታትሞ እንደሚቀር፣ ተወራራጁም የሚገጥመው ቤቱን እንደሆነ ያውቃል። በአሜሪካ የፈረስ ውድድር ግን አሠራሩ ሌላ ነው። የሁሉም ተወራራጆች ገንዘብ በየውርርዱ ዓይነት በአንድ ቋት ይሰበሰባል፤ ከዚያ ላይ የሜዳው ባለቤትና መንግሥት ድርሻቸውን ያነሣሉ፤ የቀረው ትክክለኛውን ትኬት ለያዙት ይከፋፈላል። የመጨረሻው ኦድ የሚታወቀው በሮቹ ተከፍተው ውርርዱ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ተወራራጁ የሚገጥመው ፈረሶቹንም ሆነ ቤቱን ሳይሆን ከጎኑ ተሰልፎ ትኬት የሚቆርጠውን ሰው ነው።

በቸርችል ዳውንስ ተቀናሹ በአሸናፊ ውርርድ ላይ 17.5 በመቶ፣ ብዙ ፈረሶችን በቅደም ተከተል በሚያጣምሩት ውርርዶች ላይ 22 በመቶ ነበር። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ከሌላው ተወራራጅ እኩል የሚያውቅ ሰው በእያንዳንዱ መቶ ዶላር በአማካይ ከ17 እስከ 22 ዶላር ይከስራል ማለት ነው፤ ለማትረፍ ደግሞ ከሌላው መሻል ብቻ ሳይሆን ከተቀናሹ በላይ መሻል ይጠይቃል።

ሪች ስትራይክ በ80.80 ለአንድ ተነሣ። ትኬቱ በተለመደው የሁለት ዶላር ስሌት 163.60 ዶላር ከፈለ፤ ለእያንዳንዱ ዶላር 80.80 ትርፍና የተጣለው አንድ ዶላር፣ በድምሩ 81.80 ማለት ነው። ከተቀናሹ በኋላ የሚቀረውን 82.5 በመቶ ለ81.80 ስናካፍለው፣ በዚህ ፈረስ ላይ የተጣለው ገንዘብ ከቋቱ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበር እናገኛለን። ሕዝቡ በገንዘቡ የሰጠው ፍርድ «ይህ ፈረስ ከመቶ አንድ ጊዜ ያሸንፋል» የሚል ነበር። ትኬቱን የሚገዛው ሰው ላለመክሰር ግን የፈረሱ ዕድል ከ1.22 በመቶ እንዲበልጥ ያስፈልገው ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ተቀናሹ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ግምት የተሰጠው ኢፒሴንተር በ4.10 ለአንድ ተነሣ። በተመሳሳይ ስሌት የሕዝቡ ፍርድ 16.2 በመቶ፣ ላለመክሰር የሚያስፈልገው ደግሞ 19.6 በመቶ ይሆናል።

ሩጫው

በሮቹ ሲከፈቱ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የመጣው ሰመር ኢዝ ቱሞሮው ከፊት ወጣ፤ የጃፓኑ ክራውን ፕራይድ ተከተለው። የመጀመሪያው ሩብ ማይል በ21.78 ሰከንድ ተሮጠ፤ በደርቢው ታሪክ ከዚህ የፈጠነ አጀማመር አልነበረም። ግማሽ ማይሉ በ45.36 ሰከንድ አለቀ። ጠቅላላው ሩጫ የወሰደው 2 ደቂቃ ከ2.61 ሰከንድ መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሩብ ማይሎች እያንዳንዳቸው በአማካይ 22.68 ሰከንድ ሲወስዱ፣ የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው 25.75 ገደማ ወስደዋል። ፊት የነበሩት ፈረሶች ጉልበታቸውን ገና በመነሻው ጨርሰውት ነበር፤ ሰመር ኢዝ ቱሞሮው መጨረሻ ወጣ።

ኢፒሴንተርና ዛንዶን ከመሃል ተነሥተው በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ። ሕዝቡ ዓይኑን በሁለቱ ላይ ጥሎ ሳለ፣ ከዳር ተነሥቶ ሩጫውን አብዛኛውን ከኋላ ሆኖ የሮጠው ሪች ስትራይክ ወደ ውስጠኛው አጥር ተጠግቶ ይመጣ ነበር። ሌዮን በድካም ወደ ኋላ የሚቀረው መሲየር የተባለ ፈረስ መንገዱን ሲዘጋበት ፈረሱን ወደ ውጪ አውጥቶ አለፈው፤ ወዲያው መልሶ በአጥሩና በሁለቱ መሪዎች መካከል በቀረችው ጠባብ ክፍተት አስገባው። ኢፒሴንተርን በሦስት አራተኛ የፈረስ ርዝመት ቀድሞ ገባ። ዛንዶን ሦስተኛ ወጣ።

ስለ አነሣሡ ፍጥነት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በደርቢ ላይ በብልሃት የሚወራረዱ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ፊት ለመውጣት የሚሽቀዳደሙት ስንት ናቸው?» ብለው ነው፤ ፊት ፊት የሚሉት ሲበዙ እርስ በርሳቸው ይጨራረሱና ሩጫው ከኋላ ለሚመጡት ይመቻቻል። በዚያ ዓመት ሰመር ኢዝ ቱሞሮው ፊት እንደሚወጣ ከቀደመ ሩጫው መገመት ይቻል ነበር። ነገር ግን ይህ ንባብ ትክክል ቢሆንም ወደ አንድ ፈረስ አያደርስም። ዛንዶንም ሞ ዶኔጋልም ከኋላ የሚመጡ፣ በሕዝቡም ዘንድ ከሪች ስትራይክ እጅግ የተሻለ ግምት የነበራቸው ፈረሶች ናቸው። ትክክለኛ ንባብ የያዘ ሰው ትክክለኛ ትኬት ላይይዝ እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

አንድ ፈረስ፣ የተለያየ ዋጋ

የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከአሸናፊው ውርርድ ሌላ «ኤግዛክታ» የሚባለው አንደኛና ሁለተኛውን በቅደም ተከተል፣ «ትራይፌክታ» ሦስቱን፣ «ሱፐርፌክታ» አራቱን ይጠይቃል። የሁለት ዶላሩ ኤግዛክታ 4,101.20 ዶላር፣ የሃምሳ ሳንቲሙ ትራይፌክታ 7,435.35 ዶላር፣ የአንድ ዶላሩ ሱፐርፌክታ ደግሞ 321,500.10 ዶላር ከፈሉ።

ኤግዛክታውን ነጥለን እንመልከት። በአሸናፊው ቋት ላይ ሕዝቡ ለሪች ስትራይክ አንድ በመቶ፣ ለኢፒሴንተር 16.2 በመቶ ሰጥቷል። ሪች ስትራይክ አንደኛ ከወጣ፣ ኢፒሴንተር ከቀሩት ውስጥ ቀዳሚ የመሆን ዕድሉ በዚሁ ሚዛን 16.3 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ ከአንድ ሺህ 1.65 ይሰጣሉ። የኤግዛክታው ቋት ከዚህ ፍርድ ጋር ቢስማማ ኖሮ፣ 22 በመቶው ተቀንሶ ትኬቱ መክፈል የነበረበት 946 ዶላር ገደማ ነበር። የከፈለው ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ይህ ስሌት ፍጹም እንዳልሆነ አምናለሁ። የበለጠ ግምት የተሰጠው ፈረስ ሁለተኛ የመውጣት ዕድሉን በመጠኑ ያጋንናል። ቢሆንም አንድን ቁጥር በግማሽ ብንቀንሰው እንኳ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ይቀራል። እዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት፣ ስለዚያው ፈረስ ሁለት ቋቶች ሁለት የተለያየ ፍርድ ሰጥተዋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በእኔ ግምት መልሱ በሁለቱ ቋቶች ውስጥ ገንዘብ የሚጥሉት ሰዎች የተለያዩ መሆናቸው ነው። በደርቢ ቀን ወደ ሜዳው ከሚመጣው ሕዝብ፣ በዚያ ዓመት ከ147,000 በላይ ሰው ነበር፣ ብዙው በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚወራረድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ዶላር አውጥቶ የስሙ ድምፅ ወይም የጋላቢው ልብስ ቀለም የማረከውን ፈረስ በአሸናፊነት ይይዛል። በዚህም ምክንያት የማይገመቱ ፈረሶች በአሸናፊው ቋት ላይ ከሚገባቸው በላይ ገንዘብ ይወድቅባቸዋል፤ ይህ በፈረስ ውርርድ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከስድሳ ዓመት በላይ ሲታይ የኖረ ነገር ነው። ኤግዛክታና ትራይፌክታ የሚጫወተው ሰው ግን በአብዛኛው ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጥ የሰነበተ ነው። ሪች ስትራይክ የገባው ዓርብ ጠዋት በመሆኑ ቀደም ብሎ የተዘጋጀ ትንተና ቁጥር 21ን ከቁም ነገር ሳይቆጥረው የቀረ ይመስለኛል። አጥንቶ የመጣው ሰው ትኬቱን ሲቆርጥ ይህን ፈረስ ሳይዘው ቀረ፤ ሳያጠና የመጣው ሰው ግን በአሸናፊነት ያዘው።

አሁን ሪች ስትራይክን በሆነ ምክንያት የወደደ፣ 38 ዶላር የያዘ ሰው እናስብ። ገንዘቡን በሙሉ በአሸናፊነት ቢጥለው 3,108.40 ዶላር ይመለስለታል። በአንጻሩ በዚያው 38 ዶላር ሪች ስትራይክን አንደኛ፣ የቀሩትን 19 ፈረሶች በሙሉ በየተራ ሁለተኛ አድርጎ 19 የኤግዛክታ ትኬቶች ቢገዛ 4,101.20 ዶላር ያገኛል። ሁለቱም ትኬቶች የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሪች ስትራይክ ያሸንፍ። ሁለተኛ ማን እንደሚወጣ ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። በዚያ ላይ ሁለተኛ የወጣው ከሁሉ በላይ የተገመተው፣ ማለትም ክፍያውን ከሁሉ የሚያሳንሰው ፈረስ ነው። ሌላ ፈረስ ሁለተኛ ወጥቶ ቢሆን ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋ ነበር።

ዘዴው ግን ወደ ታች ሲወርድ አይሠራም። በዚሁ መንገድ ሪች ስትራይክን አንደኛ አድርጎ በትራይፌክታ የቀሩትን ሁሉ ለመሸፈን 342 ጥምረት፣ በሃምሳ ሳንቲም 171 ዶላር ያስፈልጋል፤ የሚመለሰው 7,435.35 ዶላር ነው። ያው 171 ዶላር በአሸናፊነት ቢጣል 13,987.80 ዶላር ይመለስ ነበር። በሱፐርፌክታም ቢሆን ለ5,814 ጥምረት የወጣው እያንዳንዱ ዶላር 55 ዶላር ገደማ ሲመልስ፣ የአሸናፊው ትኬት 81.80 መልሷል። የሱፐርፌክታው 321,500 ዶላር በጋዜጣ ርዕስነት ደምቆ ቢታይም፣ ከወጣበት ገንዘብ አንጻር ያን ያህል አልነበረም፤ ከኤግዛክታው 107.9 ጋር ሲተያይ ግማሹን ያህል ብቻ ነው።

ስንት ይጣል?

የውርርድ ዘዴ ሲባል ብዙ ሰው የፈረስ አመራረጥን ብቻ ያስባል። የሚጣለው መጠን ግን ከምርጫው የማይተናነስ ነገር ነው። በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጆን ኬሊ በ1956 ባሳተመው ስሌት መሠረት፣ አንድ ሰው ካለው ገንዘብ ላይ መጣል ያለበት ድርሻ በራሱ ግምትና በኦዱ መካከል ባለው ብልጫ ይወሰናል። ሪች ስትራይክ ከመቶ ሁለት ጊዜ ያሸንፋል ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው፣ ማለትም ሕዝቡ ከሰጠው እጥፍ የሰጠው፣ በ80.80 ኦድ መጣል ያለበት ካለው ገንዘብ 0.79 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ሺህ ዶላር ያለው ሰው ስምንት ዶላር እንኳ አይሞላም።

ቁጥሩ እንዲህ ያነሰበት ምክንያት አለው። ግምቱ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ፣ እንዲህ ዓይነት ትኬት ሃምሳ ጊዜ ተከታትሎ ቢገዛ፣ ሃምሳውንም የመሸነፍ ዕድሉ 36 በመቶ ነው፤ መቶ ጊዜ ተከታትሎ የመሸነፍ ዕድሉም 13 በመቶ ነው። ደርቢ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው። ትክክለኛ ዘዴ የያዘ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተወራርዶ አንድም ጊዜ ሳይቀናው ሊያልፍ ይችላል፤ ተሳስቶ የተወራረደ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሊያገኝ ይችላል። በተለይ ከቤት ኪራይ ወይም ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ቀንሶ የሚወራረድ ሰው ይህን ስሌት ቁጭ ብሎ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

የማይገመተውን ሁልጊዜ መያዝ ዘዴ ነውን?

ከዚያ ውድድር በኋላ ብዙ ሰው የደረሰበት መደምደሚያ «በደርቢ ትልቁን ኦድ ያዝ» የሚል ነበር። ለዚህ ማስረጃ የሚመስል ነገር አለ። በ2005 ጃኮሞ በ50.30፣ በ2009 ማይን ዛት በርድ በ50.60፣ በ2019 አንደኛ ሆኖ የገባው ማክሲመም ሴኪዩሪቲ ሌሎችን በማወክ ተሰርዞ ከንትሪ ሃውስ በ65.20፣ በ2022 ደግሞ ሪች ስትራይክ አሸነፉ። ከሃምሳ ለአንድ በላይ የሆኑ አራት አሸናፊዎች በ18 ዓመት ውስጥ ታይተዋል። የአራቱ የሁለት ዶላር ትኬት ክፍያ ሲደመር 501.80 ዶላር ነው። በየዓመቱ እንዲህ ያሉ ስድስት ፈረሶች ነበሩ ብለን ብናስብና ሁሉንም በሁለት ሁለት ዶላር ብንይዝ ወጪው 216 ዶላር ይሆናል። ትርፉ ያጓጓል።

ችግሩ 18ቱን ዓመታት የመረጥናቸው ውጤቱን ካየን በኋላ መሆኑ ነው። በ1913 ዶነሬይል የተባለው ፈረስ በ91.45 ለአንድ አሸንፏል፤ እስከ ዛሬ ከእርሱ የሚበልጥ ኦድ ይዞ ያሸነፈ የለም። ከእርሱ በኋላ ግን ከ1914 እስከ 2004 ባሉት 91 ውድድሮች ከሃምሳ ለአንድ በላይ ሆኖ ያሸነፈ አንድም ፈረስ አልነበረም። የአያቱን ምክር ተቀብሎ በ1914 የጀመረ ቤተሰብ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ባዶ ትኬት ሲቀድ ይኖር ነበር። በሌላ በኩል ከ2013 እስከ 2018 ባሉት ስድስት ተከታታይ ዓመታት ያሸነፉት ከሁሉ የበለጠ ግምት የተሰጣቸው ፈረሶች ናቸው። በ2018 ጀስቲፋይ ሲያሸንፍ የሁለት ዶላሩ ትኬት የከፈለው 7.80 ዶላር ብቻ ነበር፤ ሃያውንም ፈረሶች የያዘ ሰው 40 ዶላር አውጥቶ ያንኑ 7.80 ተቀበለ።

ከሪች ስትራይክ ድል የሚወሰድ ነገር ካለ በአሸናፊውና በኤግዛክታው ቋት መካከል የታየው ክፍተት ነው እላለሁ፤ ይህ ከኦዱ ትልቅነት የተለየ ነገር ነው። ዘግይቶ የገባ፣ አጥኚዎች ያልመዘኑት፣ ተመልካቹ ግን በትንሽ ገንዘብ የያዘው ፈረስ በሚኖርበት ውድድር ሁሉ ያው ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። መኖሩንም ውርርዱ ከመዘጋቱ በፊት መመርመር ይቻላል፤ የኤግዛክታ ጥምረቶች ሊከፍሉ የሚችሉት መጠን በየጊዜው እየታደሰ ለተወራራጁ ስለሚታይ፣ ከአሸናፊው ኦድ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስላት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ

ባለቤቱ ሪች ስትራይክን ለሁለተኛው ታላቅ ውድድር ለፕሪክነስ ሳያቀርበው ቀረ። ጁን 11 ቀን በሦስተኛው ታላቅ ውድድር በቤልሞንት ሲሰለፍ ሕዝቡ በእርሱ ላይ የነበረው አስተያየት ፈጽሞ ተለውጦ ነበር፤ ከአምስት ሳምንት በፊት ከመቶ አንድ የሰጠው ተወራራጅ አሁን በብዙ እጥፍ ከፍሎ ያዘው። ፈረሱ ከስምንት ስድስተኛ ወጣ። ያሸነፈው በደርቢው አምስተኛ የነበረው ሞ ዶኔጋል ነበር። በኦገስት ወር መጨረሻ አባቱ ስሙን ባስጠራበት በትራቨርስ ላይ ሪች ስትራይክ አራተኛ ሲወጣ፣ ኢፒሴንተር በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ሪች ስትራይክ ከደርቢው በኋላ ሌላ ውድድር አላሸነፈም። ኢፒሴንተር የተሻለው ፈረስ ነው ያለው ሕዝብ ስለ ፈረሶቹ አልተሳሳተም ነበር፤ በዚያ ቅዳሜ በኤግዛክታው ቋት ውስጥ ከመቶ ሺህ ዶላር 38 ዶላር ገደማ ብቻ ያረፈባት ጥምረት ግን ዋጋዋ ከሚገባት እጅግ አንሶ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ለማንኛውም ገዢ ክፍት ነበረች።